አያ ምንዋጋው የመረጡት መኪና

በሩ የተንኳኳው ገና ጎህ ሳይለይ ነበር። ዘመነ አልጋው ላይ እንዳለ ድምፁን ሲሰማ፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ መጡ ብሎ አሰበ። ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰቆጣ ከተማ በታች ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የጭነት መኪናዎች ውድድር ተደርጎ እሱ አንደኛ ወጥቶ ነበር።

ሚስቱ ሶስና በሩን ከፈተች። ማነው ብላ አልጠየቀችም። ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ጎንበስ እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ቅጣው ነበር። ቅጣው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ በትናንቱ ውድድር ሁለተኛ የወጣውም እሱ ነው። እንዲህ በማለዳ የሚነሣ ሰው አይደለም።

«አንተ ቅጣው፣ መሸነፍ እንቅልፍ ነሣህ እንዴ?» አለው ዘመነ እየሳቀ።

ቅጣው መሬት መሬት አየ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወንዳወቅ ጋቢያቸውን ሰብስበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ዘመነ ልጄ፣ በርታ። ወንድ ነህ፣ ትችለዋለህ። አጎትህ አያ ምንዋጋው አርፈዋል።»

ዘመነ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ «መቼ?» አለ።

«ትናንት ጧት።»

«ቀብሩስ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈጸመ።»

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘመነ ወንዙ ዳር ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አራቱ መኪናዎች እስኪሰለፉ እየጠበቀ ነበር።

አያ ምንዋጋው የእናቱ ወንድም ናቸው። የተወለዱትም የኖሩትም ደሃና ውስጥ፣ መኪና ከሚቆምበት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። ገብስ ያርሳሉ፣ ጥቂት ፍየሎች ያረባሉ። በአገሩ የታወቁት ግን በዚያ አይደለም። ሰው በቅሎ ወይም አህያ ሊገዛ ሲያስብ አስቀድሞ እሳቸውን ፍለጋ ይሄዳል።

ይህ እውቀት ከአባት የወረሱት አልነበረም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በቤታቸው ከነበሩት የጋማ ከብቶች አንዲት በቅሎ ብቻ ተረፈች። ከሁሉም ትልቋ አልነበረችም፤ ጠንካራ ትባል የነበረችውም እሷ አይደለችም። ጠንካሮቹ እህል ሊያመጡ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ እግራቸው ተሰበረ፤ እሷ ወርዳ ወጣች። አያ ምንዋጋው ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ለምን እሷ ተረፈች እያሉ ዓመት ሙሉ እግሯን ሲያዩ፣ ሲዳስሱ ከረሙ። በመጨረሻ ያገኙት መልስ ከሰኮናዋ በላይ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር። ስትረግጥ ትንሽ ወደታች ይላል፣ ስታነሣ ይመለሳል። የሌሎቹ ግትር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ እንስሳ ሲመርጡ እንደ ሌላው ሰው አፍ ከፍተው ጥርስ በማየት አይጀምሩም። ሻጩን ዝም ያሰኙታል። ዝቅ ያለ ድንጋይ ፈልገው ይቀመጡና እንስሳዋን ጭነት አስጭነው ቁልቁል ያስነዷታል። ቀጥለው በአውራ ጣታቸው ቁርጭምጭሚቷን ጫን አድርገው፣ በኽምጣኛ አንድ ሁለት ቃል ያናግሯታል። ለከብት ከኽምጣኛ በቀር አያወሩም ነበር፤ አማርኛ ለሰው ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ከሁለት አንዱን ይላሉ፦ እግሯ ጫን ሲሉት እሺ ብሎ የሚመለስ ከሆነ «ይሰጣል»፣ ግትር ከሆነ «አይሰጥም»። ይሰጣል ካሉ ገዢው ይገዛል። ለድካማቸው የሚቀበሉት ነገር የለም። ዓመት ሲሞላ መጥተህ እንስሳዋ እንዴት እንደ ሆነች ንገረኝ ብቻ ይሉታል። ሳይመጣ የቀረ ሰው ካለ ራሳቸው በእግራቸው ሄደው ይጠይቃሉ።

ዘመነ የኢሱዙ ሾፌር ነበር። ከሰቆጣ ጽጽቃ፣ ከጽጽቃ ሰቆጣ እህልና ሰው ሲያመላልስ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ከአራት ዓመት በፊት ዝናብ ባላላው መታጠፊያ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ሕይወቱ ተረፈች፤ ከወገቡ በታች ግን አልታዘዝ አለው። ሁለት ዓመት ከቤት አልወጣም። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። አያ ምንዋጋው በየገበያው ቀን ይመጡና ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያን ቀን ያዩትን እንስሳ ሁሉ ያወሩለታል። አይዞህ አይሉትም። የእገሌ በቅሎ ግራ እግሯን ታነክሳለች፣ የእገሌ አህያ ወገቧ ሳይጠና ተጭናለች እያሉ ሲያወሩ፣ ዘመነ ሳያውቀው ፊቱን መልሶ ይሰማቸው ነበር።

ከቤት ያወጣው ግን ቅጣው ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ከተማውን ሲለቅ የተበላሸች የሪሞት ጭነት መኪና ትቶለት ሄደ። ቅጣው ኤሌክትሪኩን ጠገነው፤ የኋላ ጎማዋ ግን አልዞር አለው። ይዟት ዘመነ ዘንድ መጣ።

«ስማ፣ አንተ ሾፌር ነህ። ይቺን እያት እስቲ።»

«የልጅ መጫወቻ ይዘህብኝ መጣህ?»

«አንተ ክፈታት፤ ከዚያ ትሰድበኛለህ።»

ዘመነ በካቻቪቴ አራት ብሎን ፈትቶ ውስጧን አየ። «ኧረ! ዲፈረንሻል አላት!» አለ ጮክ ብሎ። ከቤት ተዘግቶ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ድምፁ እንዲህ ከፍ ሲል ሶስና ሰምታ አታውቅም። ማድ ቤት ሆና ሥራዋን አቆመች። አሞርዛተር አላት፣ ኩሽኔታ አላት፣ አክስል አላት፤ ኢሱዙዋ ነበረች፣ በክንድ ርዝመት። በማግሥቱ ዘመነ ጫማዬን አጽጂልኝ አላት። መሬት ለማይረግጥ እግር ጫማ ምን ያደርጋል ብላ አልጠየቀችውም። አጽድታ አደረገችለት።

በዓመት ውስጥ በከተማው እንዲህ ያሉ መኪናዎች አራት ሆኑ። ክረምቱ ሲያበቃ ወንዙ ይደርቃል፤ ያኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይወዳደራሉ። መንገዱ ከዳሩ ተነሥቶ በጠጠሩ መሐል ያልፋል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ከዚያ የሰው ቁመት በሚያህል ገደላማ ቁልቁለት ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይወርዳል። ሦስት ዙር ነው። ሁሉም የሚሰባበሩት ቁልቁለቱ ላይ ነው። የዘመነ መኪና ያቺው ያረጀችው ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ዙር አትጨርስም። የቅጣው ግን አዲስ ነበር፦ ቀይ፣ ጎማዎቹን የያዙት እግሮቹ በሙሉ የሚያብለጨልጭ ብረት።

አንድ የገበያ ቀን አያ ምንዋጋው አህያ እየነዱ በወንዙ ዳር ሲያልፉ ልምምዳቸውን አዩ። አህያዋን አስረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መኪናዎቹ ሲወርዱ ብቻ ያያሉ፤ ሲወጡ ሌላ ሌላ ያያሉ። የቅጣው ቀይ መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ ድንጋይ ሲመታ ተነሥተው አጠገቡ ሄዱ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ ነው አያ» አለ ቅጣው።

«እግሩ አይሰጥም።»

ወንዙ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አያ፣ ይኼኮ ሣር አይበላም!» አለ ቅጣው።

«መብላቱን መች ጠየቅሁህ? እግሩን ነው ያልኩህ።»

«ብረት እኮ ነው!»

«እሱን ነው የምልህ» ብለው አህያቸውን ፈትተው ሄዱ። በሚቀጥለው ውድድር ቀዩ መኪና አልተሰበረም፤ አሸነፈ። ቅጣው ለሳምንት ያህል ያገኘውን ሰው ሁሉ «አይሰጥም ተብለናል» እያለ አሳቀ። ዘመነም ሳቀ። አጎቱ ላይ መሳቁ በኋላ ከነከነው፤ ያን ጊዜ ግን ስቋል።

የአያ ምንዋጋው ልጅ ፀደይ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከዘመነ ጋር እንደ እኅትና ወንድም ነው ያደጉት። የውድድሩን ነገር ሰምታ መኪና ልላክልህ አለችው። ዘመነ ልክ እንደ ቅጣው ያለ፣ እግሩ ብረት የሆነ እንድትገዛለት ነገራት። ሱቅ የሄደችው በእረፍቷ ቀን፣ አርብ ነው። ከሱቁ ሆና በቪዲዮ ስትደውል ግን አያ ምንዋጋው ዘመነ ቤት ነበሩ። ስልኩን ከእጁ ወሰዱት።

«አባ፣ ሁለት ዓይነት አለ። ይኼ ቀዩ፣ ብረቱ ነው። ያኛው ደግሞ አፈር የመሰለው፣ እግሩ ጥቁር ፕላስቲክ ነው።»

«መልኩን ተይው። ሆዱን አሳዪኝ።»

ፀደይ ቀዩን ገለበጠችው።

«አሁን አንዱን ጎማ ይዘሽ ወደ ጎን ሳቢው። ይመጣል?»

«ንቅንቅ አይልም አባ። ግትር ነው።»

«አስቀምጪው። ያንን አምጪው። ሳቢ።»

«ይኼ ትንሽ ይመጣል።»

«ስትለቂውስ?»

«ይመለሳል።»

«ደግመሽ ሳቢ። አንጀትሽ አይራራ፣ ጠንከር አድርጊ።»

ከስልኩ ውስጥ የባለ ሱቁ ጩኸት ተሰማ። ፀደይ በዐረብኛ አንድ ነገር መለሰችለት። «ልትሰብሪው ነው ወይ እያለኝ ነው» አለች እየሳቀች።

«ንገሪው፣ ከተሰበረ አንገዛውም፤ ካልተሰበረ እንገዛዋለን።»

ዘመነ አላስቻለውም። «አያ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው! እዚህ ድንጋይ ላይ አንድ ቀን አይቆይም!»

አያ ምንዋጋው ስልኩን ዝቅ አድርገው አዩት። «ጅማት ብረት ነው?» አሉት።

የዘመነ ልብ ግን አላመነም። አጎቱ ወደ አገራቸው እንደ ሄዱ ለፀደይ በድምፅ መልእክት ላከላት፦ «ፀዲ፣ ቀዩን ግዢልኝ። እሳቸው የሚያውቁት በቅሎ ነው። ቀለሙን ረስታ ነው እንላቸዋለን።» ፀደይ የመለሰችለት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «አባቴን አልዋሽም።» አፈር መልኩ፣ ባለ ፕላስቲኩ ተገዛ፤ ወደ አገር በምትመለስ ሴት ሻንጣ ውስጥ ሆኖ መጣ።

ቅጣው ባየው ጊዜ «የፕላስቲክ በቅሎ» አለው፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። አያ ምንዋጋው ግን ስሙ አላስቀየማቸውም። መኪናውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አራቱንም እግሩን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። «ይሰጣል» አሉ። ለዘመነም፣ ወር ያህል ቀስ አድርገህ ቁልቁል ቁልቁል አለማምደው፣ ዳገቱን ተወው አሉት። እንዳሉት አደረገ። ሶስና በየማለዳው ወንበሩን እየገፋች ወንዝ ዳር ታወርደዋለች፤ መኪናው ሲገለበጥ ሄዳ ታቃናለታለች። በወሩ ውስጥ ሁለት ጎማ ተላጠ፤ እግር ግን አልተሰበረም። ዘመነ ማመን ጀመረ። ማመኑን ግን ለአጎቱ አልነገራቸውም፤ በውድድሩ ቀን በሥራ ላሳያቸው ብሎ አሰበ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት ከውድድሩ በፊት በነበረው ገበያ ነው። አያ ምንዋጋው ትንሽ ያስላቸው ነበር።

«ቅዳሜ አልመጣም» አሉት። «የላይኛው ደብር ቄስ በቅሎ ሊገዙ ነው፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። አንተ ደውልልኝ።»

«ባሸንፍም ብሸነፍም እደውላለሁ።»

«እሱን ማንም ይነግረኛል። አንተ ቁልቁለቱን እንዴት እንደ ወረደ ንገረኝ። የቅጣውም ከጎኑ ሲወርድ እንዴት እንደ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አይተህ ነው ታዲያ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሶስና ምሳ ከወትሮው ቀደም አድርጋ አቀረበች። እሷ አልበላችም፤ ጾም አለብኝ አለች። ዘመነ ስለ መኪናው እያሰበ ስለ ነበር የምን ጾም ብሎ አልጠየቃትም። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ቅጣው አልተሳደበም። የፕላስቲክ በቅሎ አላለም። ሰላምታውም ለስለስ ያለ ነበር። ዘመነ፣ ፈርቶኛል አለ በልቡ።

በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ መኪናዎች እኩል ዳገቱን ወጡ። ቁልቁለቱ ላይ ቀዩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሰፋ አድርጎ ዞሮ ወረደ። የዘመነ በቀጥታ ወረደ። ድንጋይ መታ፣ ተገለበጠ፣ በአንድ የፊት እግሩ አረፈ፤ እግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከሩቅ ታየ፣ ተመለሰና በጎማው ቆሞ ቀጠለ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዙር ቀዩ ቁልቁለቱን ዞሮ ነው የወረደው። ዘመነ በሰፊ ርቀት አሸነፈ። ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር፤ ቀኑ ሞቃት ስለ ሆነ ነው ብሎ አሰበ።

እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው አለው። ሦስት ጊዜ ሞከረ።

«ገደል ሥር ሆነው ይሆናል፤ ኔትወርክ የለም» አላት ሶስናን።

«ይሆናል» አለች፤ ወንበሩን መግፋት ጀመረች። ከኋላው ስለ ነበረች ፊቷን አላየውም።

መርዶ በአገሩ ወግ በማለዳ ነው የሚነገረው፦ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። በቀን፣ በመንገድ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ አይናገረውም። ዘመነ ይህን ያውቃል፤ እሱም ለሌላ ሰው መርዶ ሊነግሩ ከሚሄዱት ጋር ስንት ጊዜ ሄዷል። ያም ሆኖ ልቅሶው ጋብ ሲል፣ በሁለተኛው ቀን፣ ሶስናን ብቻዋን አግኝቶ ጠየቃት።

«ስንት ሰዓት ላይ ሰማሽ?»

«አራት ሰዓት ላይ። ከደሃና ደውለው ነገሩኝ። ጧት ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሳሉ ደረታቸውን ይዘው አረፉ አሉኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተቀበሩት። እደርስ ነበር።»

«መኪና ከሚቆምበት ሦስት ሰዓት በእግር ነው ዘመነ። በምን ትደርሳለህ?»

«በበቅሎ።»

«ይወዳደር ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ሶስና። «እነ ቅጣው ውድድሩ ይቅር ብለው ነበር። ቤት ከዋለ ፊቴን አይቶ ያውቃል፤ ብቻውን ከእኔ ከሚሰማው በሽማግሌ ይስማው አልኩ። ጥፋት ከሆነ የኔ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ዘመነ ከእሷ ጋር የሚያወራው ውኃ ስጪኝ፣ በር ዝጊ ብቻ ሆነ።

ቅጣው በየቀኑ ልቅሶ ቤት ይመጣ፣ ወንበር ይደረድር፣ ውኃ ይቀዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዘመነ ወደ ጎን ጠራው።

«ለቀህልኝ ነው?»

«አልለቀቅሁልህም።»

«ታዲያ ቁልቁለቱን ለምን ዞረህ ወረድክ? አንተ ዞረህ ወርደህ ታውቃለህ?»

ቅጣው ጣቶቹን አየ። «ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። ግን ጫፉ ላይ ስደርስ፣ ሰውዬው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው የሚያዩኝ እየመሰለኝ ጣቴ ይነሣል። አሁን በዚህ ሰዓት አፈር እያለበሷቸው ነው እላለሁ፤ አንተ ደግሞ አጠገቤ ትስቃለህ። ምን ላድርግ?»

«እና አሸንፌያለሁ አላሸነፍኩም?»

«እኔንጃ ዘመነ። እኔም አላውቀውም።»

ከአሸናፊነቱ ይልቅ ዘመነን ያስጨነቀው ይህ ነው። አጎቱ ሁሉም እየሳቀባቸው፣ እሱም ሳይቀር በጓሮ መልእክት እየላከባቸው፣ በአውራ ጣታቸው የመረጡት መኪና ቅዳሜ ዕለት ከማን ጋር እንደ ተወዳደረ አይታወቅም። ቀዩ ጎን ለጎን ወርዶ ቢሆን ኖሮ ማን እንደሚሰበር ይታይ ነበር። አሁን ማንም ሰው «ሐዘን ስለ ሆነ ነው ያሸነፈው» ቢል የሚመልስለት ቃል የለውም። አያ ምንዋጋው ልክ ነበሩ ለማለት ማስረጃ አልያዘም።

በዚያው ቀን ፀደይ ከጅዳ ደወለች።

«ዘሜ! አሸነፍክ አሉ! እዚህ ያሉ የአገራችን ሴቶች ነገሩኝ። አባቴ ጋ እየደወልኩ ነው፣ ዝግ ነው ይለኛል። ደህና ናቸው?»

መርዶዋ ለአርብ ነበር የተቆረጠው። ከደሃና የሄዱት ጅዳ ያሉ ሴቶች በእረፍት ቀናቸው ተሰብስበው ሊነግሯት ተስማምተው ነበር፤ ከዚያ በፊት በሰው ቤት ሥራ ላይ፣ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ አደራ ብለዋል።

«ኔትወርክ የለም» አላት ዘመነ። «ሰሞኑን እዚያ ሁሉ ጠፍቷል።»

«ሲመጡ ደውልልኝ እሺ? ዐይናቸውን ማየት ነው የምፈልገው። ‹ጅማት ብረት ነው?› ያሉህን ላስታውሳቸው ነው።»

«እሺ።»

በማግሥቱም ደወለች። ኔትወርክ የለም አላት። በሦስተኛው ቀንም ደወለች፤ እንደዚያው አላት። ስልኩን ዘግቶ ሶስናን ጠራት። ከመርዶው ወዲህ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

«ሦስት ቀን ዋሸኋት።»

«አውቃለሁ። እሰማሃለሁ።»

«አንቺ እንዴት አድርገሽ ምሳ አቀረብሽልኝ?»

«እኔ እንጃ» አለች። አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ቅዳሜው በቁጣ አልተነጋገሩም።

አርብ ማታ ፀደይ ደወለች። ድምፅዋ ታፍኖ ነበር፤ ብዙ አላወራችም። ለምን ዋሸኸኝም አላለችውም። ልትዘጋ ስትል ጠየቀችው።

«አባቴ ማሸነፍህን ሰምተው ነው የሞቱት?»

ዘመነ አዎ ሊላት ይችል ነበር። ሶስና አጠገቡ ነበረች፤ ከንፈሩን ታያለች።

«አልሰሙም ፀዲ። ጧት ነው ያረፉት። ደግሞ ማሸነፌንም እርግጠኛ አይደለሁም» አላትና የሆነውን ሁሉ፣ የቅጣውን ጣት ሳይቀር ነገራት።

«እንግዲያው ደግማችሁ በደንብ ተወዳደሩ» አለች ፀደይ። «አንተ ላታምን ትችላለህ። እኔ ግን በእጄ ስቤዋለሁ።»

ቅጣው ሲነገረው ወዲያው እሺ አለ። ከአርባው በፊት ግን ነውር ነው፤ አርባው ይለፍ ተባባሉ።

ለአርባው ዘመነ ደሃና መሄድ አለብኝ አለ፤ ማንም አልተቃወመውም። መኪና እስከሚቆምበት በመኪና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ላለው መንገድ አቶ ቢሆነኝ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ ከስድስት ዓመት በፊት አያ ምንዋጋው የመረጡላቸውን በቅሎ ይዘው ጠበቁት። ኮርቻው ላይ በጋቢ አሰሩት፤ ቅጣው በአንድ ወገን፣ አቶ ቢሆነኝ በሌላው ወገን ደገፉት። ሶስና ከኋላ ነበረች። መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ነው። ዘመነ ከወገቡ በታች ምንም አይሰማውም፤ በእጆቹ ግን ኮርቻውን ይዞ ነበር፤ በቅሎዋ በረገጠች ቁጥር የሚመጣው ንቅናቄ መዳፉ ላይ ሲደርስ ለስልሶ ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል ደረሱ።

የመቃብሩ አፈር ገና አልጠነከረም። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሶስና ከአጠገቡ ቆማ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ «ትደርስ ነበር» አለችው። «ልክ ነበርክ። ትደርስ ነበር።»

«ጊዜው አለፈ» አላት። እጇንም ያዘ።

ሲመለሱ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ወንዙ ሞላ። ቁልቁለቱን ጎርፍ ቆርሶት እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ሲደርቅ ሌላ መውረጃ መፈለግ ይኖርባቸዋል። ቅጣው በመሐሉ መጥቶ፣ ጣቴ ተመልሷል፣ በዚህኛው አልምርህም፣ ተዘጋጅ ብሎት ሄደ። ዘመነም «የአንተን ቆርቆሮ እናየዋለን» አለው፤ ከሐዘኑ ወዲህ ሲሳደብ የመጀመሪያው ነበር። መኪናው ተጠርጎ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ ከአልጋው አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አሁን ነሐሴ ነው፤ ወንዙ ገና አልደረቀም። ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቁልቁለት አልወረዱም።